ገመድ ላይ የተነሳሁት ፎቶ

ያ ጉዞ የፈጀብኝ አራት ሺህ ሦስት መቶ ዶላር፣ ባሕር የዋጠው አንድ መነጽር እና ወንድሜ በተቀበረ ቀን የሳቅሁት ሳቅ ነው። ዶላሩን ሱቄ ይመልሰዋል። መነጽሩም ከራሴ መደርደሪያ ያነሳሁት የአሥር ዶላር ዕቃ ነበር።

ሐሳቡ የልጄ ነው። በስደት በምኖርባት አውሮራ ከተማ ውስጥ ቅመም፣ ነጠላና የሻይ ብርጭቆ የምሸጥባትን ሱቅ ከሁለት ቀን በላይ ዘግቼ አላውቅም። ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ስለሆነ፣ "ዳዲ፣ ዋን ዊክ ብቻ!" አለች። ሜክሲኮ፣ ፓስፊክ ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር። ያስወሰነኝ ግን ታላቅ ወንድሜ ነው። ደሴ ሆኖ፣ ኩላሊቱ ደክሞ፣ በሳምንት ሁለቴ ማሽን ላይ እየተኛ፣ በስልክ "ሂድ እንጂ! እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ በቪዲዮ ታሳየኛለህ" አለኝ። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ንግድም ያስተማረኝ እሱ ነው። "ሳይከራከር የሚከፍልህን ሰው ፊቱን እይ፤ የደበቀው ነገር አለ" ይለኝ ነበር።

ሰኞ ማታ ደረስን። ማክሰኞ ጠዋት አሸዋው ላይ ቆሜ፣ ስልኩን ወደ ማዕበሉ አዙሬ ደወልኩለት። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሚስቴ ከክፍላችን ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

"አሸዋ ገባብኝ" አለች።

"ወንድሜ ስልክ አያነሳም።"

"ማሽን ላይ ይሆናል። አሁን ስልኩን አስቀምጥና የካያክ ጀልባ እንቅዘፍ።"

"በስንት?"

"ከፍዬዋለሁ።"

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ይቺ ሴት ከተማው ሌላ ጫፍ ቲማቲም በአሥር ሳንቲም ረክሷል ከተባለ የአምስት ዶላር ቤንዚን አቃጥላ የምትሄድ ናት። ካያክ ከፈለች። ከሰዓት ፈረስ ከፈለች። ረቡዕ ከጫካው በላይ በተወጠረ ገመድ መንሸራተት፣ ሐሙስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ማየት፣ ሁሉንም በተጠየቀችው ዋጋ፣ ቃል ሳይወጣት። ስልክ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ጨዋታ ትከፍልልኛለች። እኔ ጅሉ ፊቷን ማየት ትቼ "ደግሞ ፍቅር ያዛት" እላለሁ።

ረቡዕ ሉካንዳ ቤት እንደተሰቀለ ሙክት ገመዱ ላይ ተንጠልጥዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ እየጮህኩ፣ እየሳቅሁ ወረድኩ። ልጄ ፎቶ አነሳችኝ፤ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። እስኪመሽ ድረስ ግማሽ አውሮራ ላይክ አደረገው። ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ፀጉር አስተካካይ "ይመችህ!" ብሎ ጻፈልኝ። የዕድራችን ሰብሳቢ የአበባ ምልክት ላኩልኝ።

ቅዳሜ ተመለስን። እሁድ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ መንገዱ ዳር እስከ ዳር መኪና ነው። ራቅ ብላ ሊትልተን ከተማ የሚኖሩት የዕድሩ ሰብሳቢ፣ ሽማግሌው፣ ጋቢ ለብሰው ደጄ ላይ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጋቢ፣ "እንኳን ደህና መጣህ" ሊሉኝ እንዳልመጡ ገባኝ።

"ልጄ፣ እንግዲህ የፈጣሪ ሥራ ነው። ወንድምህ አርፏል።"

"መቼ?"

"ተቀመጥ መጀመሪያ።"

"መቼ ነው ያልኩት!"

"ማክሰኞ።"

በጣቴ ቆጠርኩ። ረቡዕ ላይ ስደርስ እጄን ጨበጥኩት።

"መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ዘመድ በሌለበት በሰው አገር" አሉ። "ብንነግርህስ? ቀብሩ በማግስቱ ነበር፤ አትደርስም።"

"አልደርስም አባቴ። ግን ገመድ ላይ አልንጠለጠልም ነበር።"

ፀጉር አስተካካዩ ትከሻዬን ያዘ። "ለአንተው ብለን ነው፣ ወንድሜ።"

"'ይመችህ' ያልከኝም ለእኔው ብለህ ነው?"

"ዝም ካልኩ ትጠረጥራለህ ብዬ ነዋ!"

ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ "ማም፣ ዩ ኒው? ታውቂ ነበር?" አለች። እናቷ አምስት ቀን ያመቀችውን ለቅሶ ለቀቀችው። ከእኔ እንባ አልወጣም፤ ቦታውን ንዴት ይዞታል።

ልማዱን አላውቀውም አልልም። እኔም ሁለቴ በማለዳ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። አንዱ "መቼ?" ብሎ ሲጮህብኝ "ተረጋጋ" አልኩት፤ ዳቦም ይዤለት ነበር። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ገብቼ ቁርሴን በልቻለሁ። አሁን ያ ሰውዬ ሱቄ ሲመጣ ዓይኑን ማየት ይከብደኛል።

የወንድሜ ሚስት በኋላ ነገረችኝ። ማክሰኞ አስከሬኑ ገና ቤት ውስጥ እያለ ስልኩ ትራሱ ሥር ይጮህ ነበር። ስሜ እየበራ። የተሰበሰበው ሰው "አታንሱት፤ ለቅሶው ይሰማበታል" ተባባለ። ሁለቴም ጮሆ ጮሆ ዝም አለ።

ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ። ከሚስቴ ጋር ስለ ሱቁና ስለ ልጃችን እንነጋገራለን። ቲማቲም ስትገዛ መከራከር ጀምራለች።

ወጪ አራት ሺህ ሦስት መቶ። የደወልኩት ዘጠኝ ጊዜ። የተነሳ የለም።