አክስቴና ያልተባረከው ኅብስት

አክስቴ የካቶሊክ ሲስተር ናት ስል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አያስፈልግም፤ እሷ ራሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አታውቅም። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን አንድም ቀን አሟት አያውቅም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ገዳም ስትገባ አያቴ “ጥሪ ነው” ብላ አልቅሳ ነበር። አክስቴ እንደምትለው ከሆነ ግን የጥሪው ግማሽ ሊያገባት የሚመላለሰው የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ሰውዬው ሲበላ ያፏጫል። ቀሪው ግማሽ የእግዜር ይሁን የራሷ እስከ ዛሬ አልለየችም። ብቻ ከዱቄት ሸሽታ ዱቄት ላይ ወደቀች፤ አሥራ አራት ዓመት በክሊኒክ ቁስል አጠበች፣ ስምንት ዓመት የሌሎቹን ሲስተሮች ቀሚስ ተኮሰች፣ ከዚያ የቁርባን ኅብስት መጋገሪያው ክፍል ተሰጣት፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፋት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት ከባድ የብረት ሳህኖች አሉ፤ በመካከላቸው ቀጭን ሊጥ ታፈሳለች፣ ትጫናለች፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ይወጣል፤ ሲከፈት እንደ ወረቀት የሳሳ ነገር ይነሳል። ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው፤ እርሾ የለው፣ ጨው የለው። “ለእግዜርም ጨው የለም፣ ለኛ ሾርባም ጨው የለም” ትላለች። በክብ መቁረጫ ስትቆርጠው ዳር ዳሩ ይተርፋል፤ ያንን ሲስተሮቹ በየተራ እየመጡ ሰላምታ የሚሰጡ መስለው ይቆረጥሙታል። እናት አለቃዋም፣ ማለት የገዳሙ ኃላፊ፣ ሳይቀሩ።

ደጋግ ሴቶች ናቸው፤ ቅዱሳን ናቸው ያለኝን ሰው ግን አንድ ሳምንት አብሯቸው እንዲያድር እጋብዘዋለሁ። መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚል ሁለቱ ለአራት ወር ተኳርፈዋል። አንዷ በጽሞና ሰዓት ታንኮራፋለች፤ ስትነቃ “በመንፈስ ተመስጬ ነበር” ትላለች። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለነሱ ሳይሆን አይቀርም፤ እርስ በርስ እንዲያ ሆነው መንገድ ማዶ ያሉትን አልጋ ላይ የቀሩ አሮጊቶች ሲያጥቡ እጃቸው እንዴት እንደሚለሰልስ አይቻለሁ።

አክስቴ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ ብረቱን እየፈገፈገች ስትጸልይ ከወዲያ ማዶ ማንም እንደሌለ ተሰማት። ጠብ የለ፣ ኀዘን የለ፤ በቃ ጠፋ። ለንስሐ አባቷ ብትነግራቸው “ጸልዪ” አሏት። መብራት ለጠፋበት ሰው መብራቱን አብራና ፈልገው እንደማለት ነው። ከሳቸው ሌላ የምታውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ስለሆንኩ የሰው ጉድ ለምደሻል ብላ ነው የነገረችኝ። ታዲያ ለምን አትወጪም ብላት ተቆጣች። እሷ ከወጣች አሮጊቶቹን ማን ያጥባቸዋል? ጥርጣሬዋ? ሰውን ዝም ማሰኘት ትችልበታለች።

ከአሮጊቶቹ አንዷን ሁሉም “እማማ እምቢ” ነው የሚላት። ለሾርባ እምቢ፣ ለመድኃኒት እምቢ፣ ለቄስ ደግሞ እምቢም አይበቃት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ወጣት ሳለች የአራት ቀን ልጅ ሞታባታለች። ሳትጠመቅ ስለሞተች የዚያን ጊዜው ቄስ “ያልተባረከች ናት” ብሎ ከመቃብሩ አጥር ውጪ አስቀበራት። እማማ እምቢ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርባን በአፏ አልዞረም፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሲስተሮቹ ሁሉ በየተራ ሊመክሯት ሞክረው ተሰድበው ተመለሱ። አክስቴ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ስታጥባት ስለ እግዜር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ምን ብላ ትንፈስ? የምትለው አልነበራትማ። እማማ እምቢ የወደደቻት ለዚሁ ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙ ሁለት ቀን ብትቆይ ነው ብሎ ሄደ። እማማ እምቢም አክስቴን አስጠርታ፣ ያንን ነገር አሁኑኑ ብታመጪልኝ እበላለሁ፣ ከቆየሽ ሐሳቤን እቀይራለሁ አለቻት። በቄሱ ፈቃድ ለሕሙማን ቁርባን በነሐስ ዕቃ የምታደርሰው አክስቴ ናትና፣ በዚያ ጉልበቷ እየሮጠች ሄዳ ዕቃውን አንስታ መጣች፤ ኅብስቱን ሰጠቻት። አሮጊቷ በላች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ አለቀሰች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አለቀሰ።

እኔ እንደልማዴ ያኑ ቅዳሜ ከሰዓት ልጠይቃት ስደርስ አክስቴ መጋገሪያው ክፍል ውስጥ እንደ ዱቄቱ ነጥታ ቆማለች። ሁለት የሚመሳሰሉ የነሐስ ዕቃዎች አሉ። አንዱ ቄሱ ቀድሰው የባረኩትን ቁርባን የያዘ ሲሆን ጸሎት ቤት ተቆልፎበት ይቀመጣል። ሌላው ያረጀ ነው፤ አክስቴ በየቀኑ ከጋገረችው ጥቂት አስቀምጣ ውፍረቱን ለእናት አለቃዋ የምታሳይበት። ያን ጠዋት አሳይታ ስትመለስ ጸሎት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትታው ነበር፤ በጥድፊያ ያነሳችው ያንን ነው። የጸሎት ቤቱ ዕቃ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እማማ እምቢ ስድሳ ዓመት ቆይታ የበላችው ዱቄትና ውሃ ነው።

አብረን እናት አለቃዋ ዘንድ ሄድን። ሰምተው ሲያበቁ የአክስቴን እጅ ያዙና፣ ሴትዮዋ በሰላም ልትሄድ ነው፣ አሁን “ያልተባረከ ነው” ብትያት ያንኑ ቃል ደግመሽ ገደልሻት፣ ተይው፣ ዝም አይነቅዝም አሏት። አልተሳሳቱም። ቄሱ ጋ ስልክ ተደወለ። እሳቸውም እግዜር የሚያየው ፍላጎቷን ነውና አትጨነቂ አሉ። አክስቴ ስልኩ ላይ፣ ታዲያ ይኼን ዕቃ ሠላሳ ዓመት በዚህ ጉልበት ያመላለስኩት ለምንድነው ብላ ጠየቀቻቸው። ሰውዬው ሳል ያዛቸው።

ልብ አውልቅ ነገር ነው። የሚያምኑት ሁሉ እንቅልፍ አላጡም፤ ያላመነችው ቆማ ትንቀጠቀጣለች። እኔም ንዴቴ መጥቶ፣ ላንቺ ዱቄት ከሆነ ለሷም ዱቄት ይሁን፣ ምን ቸገረሽ አልኳት። ለእናት አለቃዋ “እሺ” አለች፤ ወጣች፤ ጸሎት ቤት ገብታ እውነተኛውን ይዛ መጣችና ክንዴን ያዘች። ሃምሳ ሁለት ዓመት ታዝዛ የኖረች ሴት ነች። ወደ በሩ ስንሄድ እናት አለቃዋ ከመስኮት አዩን። ሊጠሩን አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

መንገዱን ስንሻገር አክስቴ ፈርቻለሁ አለችኝ። ብነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትሞታለች፤ ባልነግራት ተታልላ ትሞታለች። የቱ እንደሚሻል አላውቅም አለች። እኔም አላወቅኩም፤ ብቻ እንዳትወድቅ ደግፌ ያዝኳት።

እማማ እምቢ ነቅታ ነበር። አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሳትቀባባ ነገረቻት፤ ዕቃ እንደተሳሳተች፣ የሰጠቻት ያልተባረከ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የሷ ብቻ እንደሆነ። ቃሉን ስትጠራው ድምፅዋ ተሰበረ። አሮጊቷ ፊቷ ተለወጠ፤ አንገቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አለቀ አልኩ በሆዴ። እናት አለቃዋን ሰምተን ቢሆን ኖሮ።

ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች።

“ንገሪ ያለሽ ማነው?”

“ማንም። ተይው ነው ያሉኝ” አለች አክስቴ።

“አንቺስ ታምኚበታለሽ?”

ለዚህ ጥያቄ ሲስተር የምትመልሰው መልስ የታወቀ ነው። ከኋላ ቆሜ፣ እባክሽ አንዴ እንኳ ዋሺ እያልኩ ነበር።

“አንዳንድ ቀን” አለች አክስቴ። “ዛሬ ግን እንጃ እማማ።”

“ታዲያ ምን አስሮጠሽ?”

“ውሸት አላበላዎትም ብዬ ነው።”

አሮጊቷ ቀስ ብላ፣ አንገቷን በራሷ ጉልበት፣ ወደኛ መለሰች። አክስቴን አየቻት፤ ሦስት ዓመት እግሯን ስታጥብላት አይታት እንደማታውቅ ሆና አየቻት።

“ያ ልጄን ያስቀበራት ቄስ ተመልሶ አልመጣም” አለች።

እና አፏን ከፈተች።