የሻጋታው እናት

ባልደረቦቻቸው እማማ ሻጋታ የሚሏቸው አንጋፋ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ አልሰጥም ብለው የያዙት፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ብልቃጥ ነበር። በውስጡ የእህል ነቀዝን ወርሮ የሚገድል አረንጓዴ ሻጋታ አለ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያኖሩት እሳቸው ናቸው፤ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ብቻ ያደገ ሻጋታ እየሰነፈ መግደል ስለሚተው፣ በየሦስት ወሩ በሕያው ነቀዝ ላይ እየዘሩ፣ ከሬሳው ላይ መልሰው እየለቀሙ ጉልበቱን ያድሱለታል።

ዐምና የመጣችው ወጣት ዶክተር ግን ከዚሁ ሻጋታ ቆንጥራ ወስዳ በሳህን ብቻ አራባችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የሻጋታው እናት» ተብላ ስትተዋወቅ፣ እማማ ሻጋታ ጠርሙስ እያጠቡ ይሰማሉ፤ የታጠበውን ጠርሙስ መልሰው ይፈትጋሉ። የዶክተሯ ነቀዞች ሻጋታው እንደ ዱቄት ተነስንሶባቸው እህላቸውን መብላት ሲቀጥሉ ደግሞ፣ ፈገግታቸውን ለመሸሸግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የቤተ ሙከራው ኀላፊ እየተጣደፈ መጣ።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ብልቃጡን ለዶክተሯ ይስጧት። ነገ ሥራዋን የሚያዩ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ኋላ ቀንተው ነው እንዳይባል!»

እማማ ሻጋታ እጃቸውን በሽርጣቸው አደራረቁ።

«ይባላ! ቀንቼስ እንደሆነ? ለባሌ እንኳ እንዲህ አልቀናሁም። ከፈለገች ወንበር ስባ አጠገቤ ትቀመጥና፣ ሦስት ወር ሙሉ የነቀዝ ሬሳ በወረንጦ ትልቀም፤ ያን ጊዜ አክስቱ ናት እላለሁ። እናቱ ግን እኔ ነኝ፤ ብልቃጡም ከእጄ አይወጣም!»