«ችግር የለም» ሲባል

ኢሱዙዋችን ከሺሺንዳ ወዲህ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ጭቃ አንሸራትቷት የተገለበጠች ዕለት፣ ባለቤቴ ደውሎ እሱ ደህና መሆኑን፣ መንገዱ ግን መዘጋቱን ነገረኝ። አውቶቡሶች ከወዲያም ከወዲህም ተደርድረዋል፤ ተሳፋሪው ይጮህበታል። የአካባቢው ገበሬዎች ገመድ ይዘው መጥተው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። እሱ ግን ኢንሹራንስ ሳያይ መኪና እንደማይነካ ያውቃልና «ሮጠሽ ጠይቂልኝ» አለኝ።

ሱቄን ለጎረቤት ትቼ ሮጥኩ። ቦንጋ ያለው የኢንሹራንሱ ኃላፊ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው፤ ስኳር የሚገዛውም ከእኔ ነበር። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኩት። ጉዳቱን የሚገምተው ሰው ከጅማ እስኪመጣ መንገድ ተዘግቶ አይከርምም፣ እናንሳት ወይ አልኩት።

«ችግር የለም፣ እትዬ» አለኝ።

ለባለቤቴ ደወልኩ፤ ገበሬዎቹ ጎትተው አቆሟት።

በኋላ ምን ቢሉን ጥሩ ነው? መኪናዋ ገማቹ ሳያያት ከቦታዋ ስለተነሳች አንከፍልም! ያቺ መኪና የቤታችን ጉሮሮ ነበረች። ከደካ ቡና ጭኖ ከመመለስ ሌላ ባለቤቴ የሚያውቀው ሥራ የለም። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በሚያልፍ መኪና ሁሉ ቀና ማለት ጀመረ። ኃላፊው ጋ ሄጄ ጮህኩ። እሱ ደግሞ እንዳልደነግጥ ብሎ ያጽናናኝ መሆኑን ነገረኝ። መጽናናት አምሮኝ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዳገት የሮጥኩት?

ከሰስን። ጠበቃቸው ከአዲስ አበባ መጣ። ውሉ እያለ የቃል ወሬ ዋጋ እንደሌለው፣ «ችግር የለም» ደግሞ የአፍ ልማድ እንጂ ፈቃድ እንዳልሆነ አስረዳ። ደሜ ፈላ። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ በሚባልበት አገር ይህን ይናገራል! ተነስቼ ልመልስለት ስል ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ኃላፊውን ለምስክርነት ይዞ መቅረብ ይችል እንደሆነ ጠበቃውን ጠየቁት።

«ችግር የለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ።

በቀጠሮው ቀን ብቻውን መጣ። ኃላፊው ሥራ ስለበዛበት ሌላ ቀጠሮ ይሰጠኝ አለ። ዳኛው ባለፈው ምን ብሎ እንደነበር ጠየቁት።

ጠበቃው፣ «ችግር የለም ብዬ ነበር» አለ።

«እኛም ተስማምተዋል ብለን ቀጠርን። እሳቸውም ተፈቀደ ብለው መኪናዋን አስነሱ» አሉ ዳኛው ወደ እኔ እያመለከቱ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እንባዬ መጣ። ተፈረደልን። ኃላፊው በቃሉ እንድናነሳት ካደረገ በኋላ ኩባንያው ለምን አነሳችሁ ሊለን አይችልም ተባለ።

ደስታዬ ከፍርድ ቤቱ በር አላለፈም። ጠበቃው እዚያው በሩ ላይ ይግባኝ እንደሚሉና ነገሩ ገና ብዙ እንደሚቆይ ነገረኝ። ቤት ደርሼ ለባለቤቴ መፈረዱንም ይግባኙንም ነገርኩት። ግቢው ጥግ ወደቆመችው መኪና ዞሮ አየ። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፤ ሳሩ በሯን አልፎ በቅሏል።

«ችግር የለም» አለኝ።

እሱ ሲለው ምን ማለት እንደሆነ ዳኛ መጠየቅ አላስፈለገኝም።