ማር በጓንት አይበላም

አንድ ማለዳ ማንኪራ መንደር ስደርስ ጫካው በጉም ተውጧል። እንደ ሁልጊዜው ጓንቴን አጥልቄያለሁ። ሥራዬ ለምጽ ያለባቸውን ሰዎች «ሰው ሲያይዎት ምን ያህል ይጨነቃሉ?» እያልኩ እየጠየቅሁ መጠይቅ መሙላት ነበር። ዜሮ «በጭራሽ» ነው፤ አራት ደግሞ «በጣም»።

እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው የማር እንጀራ ይቆርጣሉ። የፊታቸውና የእጃቸው ነጭ ከጉሙ ጋር ስለተቀላቀለ ግማሽ አካላቸው የሌለ ይመስላል።

«ገበያ መውጣት ያስጨንቅዎታል?»

«ዜሮ በል።»

«ፎቶ መነሳትስ?»

«ዜሮ። ከፈለግህ አሁን አንሳኝ።»

እኔ ዜሮ ስደረድር፣ ከቀፎዎቹ የሚመጣው የንቦች ድምፅ እንቅልፍ እንቅልፍ አሰኘኝ፤ እዚያው ብቀር ደስ ባለኝ። ጨርሼ ልነሳ ስል በኮባ ቅጠል ማር አቀረቡልኝ። እሳቸው ቤት እንግዳ ማር ሳይቀምስ አይወጣም፤ የሚቀመሰውም በእጅ ነው።

«ጠግቤያለሁ፣ እትዬ» አልኩ።

ጓንቴን አዩት። ከዚያ እስክሪብቶዬን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና መጠይቁን ወደ ራሳቸው አዞሩት።

«ላንተስ ስንት ልጻፍ?»

«አራት» አልኩና ጓንቴን አወለቅሁ። እጄ ልክ እንደ እሳቸው እጅ ነጭና ጥቁር ነበር።