ላሚሶ ያላለው ቃል

ያንን ኮረብታ ሁለት ጊዜ ወጥቼዋለሁ። መጀመሪያ በሰሜን ግንባር፣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከጋንታዬ ጋር። ሁለተኛ እዚሁ ሐዋሳ፣ አላሙራ ተራራ ጎን፣ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ከፊልም ሠሪዎች ጋር። አሁን አሁን ሁለቱ በእንቅልፌ ይቀላቀሉብኛል። በሕልሜ ከሰሜኑ ኮረብታ አናት ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ሐይቅ ይታየኛል፤ ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ ውሃ በጠማን አገር። ጓደኞቼ ዳር ዳሩን ይሄዳሉ፤ እጠራቸዋለሁ፣ አይሰሙኝም። እንግዲህ ጨርሶ ሳይደበላለቅብኝ፣ ፊልሙን ያያችሁ ልጆች ስለበዛችሁም፣ የነበረውን ልንገራችሁ።

ትእዛዙ የደረሰን ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከፍታ ዘጠኝን ያዙ ተባልን። ኮረብታው ለአገሬው ሰው ስም ሳይኖረው አይቀርም፤ እኛ የምናውቀው ቁጥሩን ነው። ሠላሳ አራት ነበርን። የጋንታ መሪያችን መቶ አለቃ ወሬ አያበዛም። «ተበተኑ። ዝቅ በሉ። የወደቀውን የሚያነሣ ሌላ ሰው አለ» አለን። የሚያነሣ ሌላ ሰው እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ መትረየስ ከግራ ያዘን። ተኛን። ተነሣን። ደግሞ ተኛን። ስንቱ እንዳልተነሣ ያኔ አልቆጠርንም። ሁለት ሰዓት ላይ ምሽጉ በእጃችን ገባ።

ከዚያ ተኩሱ ጸጥ አለ። አቧራው በአየር ላይ እንደተንሳፈፈ ቀረ፤ የጠዋት ፀሐይ ገባበትና ዙሪያው ሁሉ ወርቅማ ሆነ። ጫጫታው ስለጠፋ ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ያምር ነበር። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ሰው የሞተበት ቦታ አማረ ይባላል እንዴ? ግን ያምር ነበር፤ ምን ላድርግ።

ላሚሶ ከጎኔ ነበር። እሱም እንደኔ የሐዋሳ ልጅ ነው። እኔ የነጋዴ ልጅ፣ ወላጆቼ ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱ፤ እሱ ሲዳማ፣ የጸሎት ቤት መዘምራን ውስጥ ያደገ። ከማሠልጠኛ ጀምሮ አልተለያየንም። ሲናገር አይቸኩልም፤ ሲሄድም አይቸኩልም፤ በዚህ አመሉ ስንት ጊዜ ተናድጄበታለሁ። አስቴር የምትባል የሰባት ዓመት እህት ነበረችው። ስሟን በቀን አሥር ጊዜ ያነሣል።

አራት ሰዓት ላይ ወደ ፊተኛው ምሽግ ተሸጋገሩ ተባልን። ላሚሶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የከስክስ ጫማውን ማሰሪያ ይፈታል። ምን ሆንክ አልኩት።

«ጠጠር ገብቶብኝ ነው። አንተ ሂድ፣ እደርስብሃለሁ» አለኝ።

ሄድኩ። ሃያ እርምጃ ብሄድ ነው። ሞርታር ከኋላዬ ወደቀ። ተመልሼ ስመጣ አንድ እግሩ ባዶውን ነው፤ ከስክሱን በእጁ እንደያዘ ነው። ምንም አላለኝም። ሊልም አይችልም ነበር፤ ቀድሞ አልፏል።

አገር ቤት ስመለስ ለእናቱ ጦር ሜዳ ላይ ነው የሞተው፣ አልተሠቃየም ብዬ ነገርኳቸው። ሁለቱም እውነት ነው። ጠጠሩን ዋጥኩት። ጀግና ሞተ ተብሎ በሚለቀስበት ቤት ስለ ጠጠር ማውራት ነውር መሰለኝ። እናቱም ሳያውቁት አረፉ።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ኮረብታ። ናትናኤል የሚባል ወጣት ዳይሬክተር ስለ ሰሜኑ ጦርነት ፊልም ልሠራ ነው ብሎ ከአዲስ አበባ መጣ። የቀድሞ ወታደር ሲያፈላልግ ሰዎች ወደ እኔ መሩት። ሥራዬ ለሚተውኑት ልጆች ክላሽ አያያዝና አወዳደቅ ማስተማር ነበር። ልጆቹ ሲመቱ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሰማይ ይዘላሉ። አይ እናንተ! ሰው ሲመታ የቆመ ጆንያ ሲዘነበል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው አልኳቸው። ናትናኤል አንድ ጊዜ ሞከረውና አላማረም ብሎ ወደ ዝላዩ መለሳቸው። ካሜራ ያዡ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጭንቀቱ ሐይቁ ነው። ያ ግንባር ሐይቅ የለውማ፤ ሐይቁ ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ፣ ሐይቁ እንዳይታይ ይላል።

እውነቱን ልናገር፣ ቦታው ደስ ይለኝ ነበር። ጢሱ በማሽን ይለቀቃል፣ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ። «ካት» ሲባል ደግሞ ብድግ ይላሉ። ደረቱ በቀይ ቀለም የራሰው ልጅ አፈሩን አራግፎ ዛፍ ሥር አቮካዶ ጁሱን ይጠጣል። እኔ ዳር ተቀምጬ አያለሁ። ጢሱ ሲሳሳ ከውስጡ አንድ በአንድ እየሳቁ ይመጣሉ። አንድ ቀን ሳላስበው ስቆጥራቸው ራሴን ያዝኩት። ሠላሳ አራት። ማንም አልጎደለም። እዚያው አጎንብሼ ፊቴን በጋቢዬ ጠረግሁ።

በዚያው ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ ናትናኤል ከጎኔ ተቀመጠ። ስለ ላሚሶ አውርቼለት ስለነበር በፊልሙ ውስጥ አስገብቶታል፤ ሊጫወተው የተመረጠውም ልጅ ከፊት ለፊታችን ዓሣ ይበላል። ናትናኤል ደብተሩን ገለጠና ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ምን አለ?»

ጠጠር ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በዚያ ፊልም አንዱ ባንዲራ ታቅፎ ይሞታል፣ አንዱ የጓደኛውን ስም ጠርቶ ይሞታል። የኔ ጓደኛ ጫማ ታቅፎ ሊሞት ነው? አፈርኩለት። እስክሪብቶው ደብተሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከየት እንደመጣልኝ ሳላውቅ፣

«አስቴርን አታልቅሺ በልልኝ። እኔ አገር ሆኛለሁ» አለ አልኩት።

ናትናኤል ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም አለቀስኩ። በገዛ ውሸቴ አለቀስኩ፤ ጉድ እኮ ነው። ላሚሶ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ንግግር አልተናገረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ የሚያርፍ ልጅ ነበር።

ፊልሙ ሲመረቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደሚታይበት ባህል አዳራሽ አስቴርን ይዣት ሄድኩ። አስቴር አሁን የልጆች እናት ናት፤ መናኸሪያ አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። የወንድሟን ፊት በደንብ አታስታውስም፤ ፎቶም የላቸውም። መብራቱ ጠፋ። መጀመሪያ ተዋናዩ ላሚሶን አልመሰለኝም፤ ይሄ ቆንጆ ነው፣ ላሚሶ ጥርሱ ወጣ ያለ ነበር። ጢሱ እየወፈረ ሲሄድ ግን መሰለኝ። ያ ወርቅማ አቧራም ነበር፤ ስለ እሱ ነግሬያቸው ነው፣ ልክ አድርገው ሠርተውታል። ከዚያ ወዲህ የላሚሶን ፊት ለማምጣት ስሞክር የዚያ ልጅ ፊት ቀድሞ ይመጣል። ጥርሱን ለብቻ ማሰብ አለብኝ፤ ከጥርሱ ተነሥቼ ነው ቀሪውን የማገኘው።

ቃሉ ሲነገር አዳራሹ በለቅሶ ተናወጠ። አስቴር ግን አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ስንወጣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን እንደደበቅኋት ጠየቀችኝ። ከብዶኝ ነው አልኳት። ይኸው ሁለተኛ ውሸት።

ቃሉ ከተማውን ዞረው። ሳምንት ሳይሞላ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ባጃጅ ጀርባ ላይ በቢጫ ቀለም «እኔ አገር ሆኛለሁ» የሚል አየሁ። ባጃጁ እስኪታጠፍ ድረስ መንገድ መሃል ቆሜ ሳየው መኪና ጥሩንባ ነፋብኝ። ልጆች ስልክ ላይ ይባባሉታል። የጸሎት ቤታቸው ሰባኪም ጠቀሰው አሉኝ። ሰዎች ሲያገኙኝ በአክብሮት እጄን ይጨብጣሉ፤ እኔ እየሳሳሁ፣ ቃሉ እየወፈረ ሄደ።

ከዚያ አስቴር ደወለች። የላሚሶ አስከሬን አልመጣም፤ መቃብር የለውም። በቤተሰቡ ቦታ ላይ ድንጋይ ልታቆምለት ነው። ስሙ ተቀርጿል፣ ማክሰኞ ደግሞ ቀራጩ ቃሉን ከሥሩ ይጽፋል አለችኝ። ልጆቼ የአጎታቸውን ድምፅ እንዲያውቁት ብዬ ነው አለች። ስልኩን ዘጋሁ። ፊልም ይረሳል፣ የባጃጁም ቀለም ይለቃል። ድንጋይ ላይ ከተጻፈ ግን ላሚሶ ለዘላለም የኔን አፍ ይዞ ሊቀር ነው። እሷም ወንድሟን ያገኘች መስሏት እኔን ስታቅፍ ልትኖር ነው።

ለናትናኤል ደውዬ ቃሉ የእኔ ፈጠራ መሆኑን ነገርኩት። ፊልሙን ከእይታ ማውረድ አልችልም፣ ከፈለጉ ግን ለእሷ እኔ ልንገራት አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው። የለም፣ የእኔ ዕዳ ነው አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሱቋ ሄድኩ። አስቴር የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች ነበር። ቁጭ በሉ አለችኝ፤ ቆሜ ልናገር አልኳት። ያ ቃል የእኔ ነው፣ ላሚሶ አላለውም አልኳት። የስፌት መኪናው ትንሽ ሰፍቶ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ታዲያ ምንም ሳይል ነው የሞተው?»

አይደለም አልኳት። ስለተቀመጠበት ድንጋይ፣ ስለ ከስክሱ፣ ስለ ጠጠሩ ነገርኳት። «አንተ ሂድ፣ እደርስብሃለሁ» እንዳለኝ፣ እንደሄድኩም ነገርኳት። መሄዴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ውጭ ረዳቶች ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ እያሉ ይጣራሉ። አስቴር ጨርቁን በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለች።

«የትኛው እግሩ ነው?» አለች።

«ቀኙ።»

ያኔ አለቀሰች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያለቅስ ያላለቀሰችው ሴት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ በሲዳምኛ ስሙን እየጠራች አለቀሰች። ገበያተኛ በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። ብዙ ቆይታ ቀና አለችና፣

«አታልቅሺ ብሏል ስላሉኝ እኮ ነው ያላለቀስኩት» አለችኝ።

ይቅር በይኝ አልኳት። አሁን ይሂዱ ጋሼ አለችኝ። ወጣሁ። ከአንድ ወር በላይ አልደወለችልኝም፤ እውነቷን ነው። ድንጋዩ የቆመ ቀን ግን ልጇን ልካ አስጠራችኝ። ስሙ ብቻ ነው ያለበት። ሥሩ ለቃሉ የተተወው ቦታ ባዶውን ነው፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከሰው ሁሉ መሃል ጠርታኝ ከቤተሰቡ ጋር አስቆመችኝ።

ፊልሙን እዩት፤ ከልብ የተሠራ ፊልም ነው። ጢሱ ልክ ነው፣ አቧራው ልክ ነው፣ ፍርሃቱም ለልክ ይቀርባል። በእሱ ውስጥ አምስት ሰው ይሞታል፤ አምስቱም ተናግረው ነው የሚሞቱት። እኛ በዚያ ቀን አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንቆጠር ሃያ አንድ ሆንን። አሥራ ሦስት ጎደለ፤ መቶ አለቃውም ከእነሱ አንዱ ነው። ከአሥራ ሦስቱ የሁለቱን የመጨረሻ ቃል ሰምቻለሁ። አንዱ ክብሪት አለህ ወይ አለኝ፤ አልነበረኝም። ሌላው ላሚሶ ነው። የአሥራ አንዱን አልሰማሁም። ዘመዶቻቸው መጥተው ቢጠይቁኝ አልሰማሁም እላቸዋለሁ፤ ቢከፋቸውም አብሬያቸው እቀመጣለሁ እንጂ ምንም አልጨምርም።