የአርባ ቀኑ መንገድ

ቢጫዋን ሻርፕ ዛሬ ከሳጥን አወጣኋት። ጫፏ ተበልቷል። አፍንጫዬ ላይ ሳደርጋት ግን ያው ቅርንፉድና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸተኛል። ስንት ዓመት ታጥባ እንዴት እንደሚሸተኝ እንጃ።

ያኔ ሀርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የምትሠራበት ጊዜ ነበር። የምንኖርበት ሰፈር ጋአን ሊባህ ከነጋ እስኪመሽ ቆርቆሮ ሲመታ ነው የሚውል። የልጄ አባት መሐመድ ሞጌ ወደሚባለው ሰፈር ወርዶ ድንጋይ ይሸከማል፣ እኔ ሰው ቤት እሠራለሁ። የቤቱ እመቤት በስደቷ ዘመን ጅግጅጋ ኖራ አማርኛ ለምዳለች። ስወልድ፣ ምን ልበልሽ፣ እንደ እናት ነው ያረሰችኝ። በእነሱ ወግም አራስ አርባ ቀን ከደጅ አትወጣም። ሾርባውን ራሷ ይዛ ትመጣና «ጠጪ እንጂ! ልጁ ከምን ይጥባ?» ትለኛለች።

ጣጣው የመጣው አርባው ሊሞላ ሲል ነው። ለእሷ አርባ ማለት አራስ ተነሥታ ሥራ የምትጀምርበት ቀን ነው። በዚያው ቀን ወንድሟ ከውጭ በአውሮፕላን ይገባል፣ ቤቱም በእንግዳ ይሞላል። በእኛ ደግሞ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከድንበር ማዶ፣ ጅግጅጋ ነው።

የልጄ አባት «ትንሽ እናቆየው። መንገዱ ሩቅ መሆኑን እግዜር ያውቃል» አለኝ።

«ያውቃል። አርባ ያለውም እያወቀ ነው» አልኩት። አፌ ደፈረ እንጂ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ጨቅላ ይዤ የት እገባለሁ?

ለእመቤቲቱ ነገርኳት። ሽንኩርት ትልጥ ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ወላሂ፣ ሌላ ቀን አጣሽ?»

«እኔ አልመረጥኩትም፣ እትዬ።»

«ከሄድሽ ሌላ ሴት አስገባለሁ። እንግዳዬን በባዶ ማጀት አልቀበልም።»

«እሺ» አልኩ።

በዋዜማው ጎሕ ሲቀድ ልጄን አቅፌ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ይቺን ሻርፕ ከትከሻዋ ገፈፈችና ልጄን ጠቀለለችው። «መንገዱ አቧራ ነው» ብላ ፊቷን አዞረች።

መንገዱን ሁሉ ስጸልይ ሄድኩ። መጽሐፍ አላውቅ፣ ጸሎቴ አንድ ናት፦ «ያልከኝን አድርጌያለሁ፤ የቀረውን አንተ ታውቃለህ።» ካህኑ ሲያጠምቁት የልጄ ጩኸት ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። ማተቡ ሲታሰርለት ዝም አለ።

በማግሥቱ ስመለስ የግቢው በር ገርበብ ብሎ ጠበቀኝ። ልብሴን ሰብስቤ ልወጣ ነበር የገባሁት። ማጀቱ የተቃጠለ ሩዝ ይሸታል። እትዬ እጅጌዋን ሰብስባ ብቻዋን ድስት ትፈገፍጋለች።

«ወንድሜ ሳቀብኝ» አለች ሳትዞር። «በስንት ዓመቱ ቢመጣ ሩዝ አሳርሬ አበላሁት። ጥፋቱ ያንቺ ነው!»

«ሌላ ሴት አላስገቡም እንዴ?»

«ፈጣሪዋን ያልዋሸች ሴት እያለችኝ ሌላ ምን ያደርግልኛል? ነይ፣ ልጁን ስጪኝ። ማን ተባለ?»

የክርስትና ስሙን ነገርኳት። ትርጉሙ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው ስላት «የኛ አብዱላሂ ነዋ!» ብላ ሳቀች፣ ግንባሩንም ሳመችው።

አሁን እሷ የለችም፣ ነፍሷን ይማር። ልጄም ዛሬ ጠዋት ከዚሁ ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ለሥራ ባሕር ማዶ ሄደ። ስሰናበተው እጄ ማተቡ ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ ትንቀጠቀጫለሽ እኮ» አለኝ።

«ድሮም እየተንቀጠቀጥኩ ነው የሄድኩት» አልኩት። አልገባውም፤ ሳቀብኝ።

ፍርሃቱ እስካሁን አልለቀቀኝም፣ አልዋሽሽም። ግን በሻርፕ ተጠቅልሎ ሳለ ያልጣለው አምላክ አሁን አይጥለውም። ተመስገን። ሻርፗን አጥፌ ሳጥን ውስጥ መለስኳት። የግቢዬን በር ግን ገርበብ አድርጌ ተውኩት።