ለሰባት ሰው የሚሆን መኪና

ሲስተር ንጋት ሰው ስታዋልድ ደም ቀፏት አያውቅም። ከገጠር በቃሬዛ ውላ አድራ የምትመጣ ወላድ ስትገባ ተለማማጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ በር ያፈገፍጋሉ፤ ንጋት ጓንቷን እያጠለቀች «እስቲ ዞር በሉልኝ» ብላ ትገባለች። የሚቀፋት ሌላ ነው። ሲዋሽ ፈገግ የሚል ሰው ይቀፋታል። ደካማ ሲዋረድ አይቶ የሚስቅ ሰው ይቀፋታል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ ወንበሯን ትንሽ ፈቀቅ ታደርጋለች፤ የሚያውቋት ያውቁባታል።

ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ደዴሳ ዳር ነው የወለዷት። አማርኛዋ የእናቷ ነው፤ ኦሮምኛዋን አርጆ ገበያ ላይ ቅመም ስትሸጥ ለመደችው። ነቀምቴ ለትምህርት ስትመጣ ጋሮማን አገኘች። ጋሮማ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ሚስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ቸርች ውስጥ ዘማሪ ነው፣ ሰው አክባሪ፣ ልጆቹን ራሱ የሚያጥብ። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ታላቅ ወንድሙ ታፋ ባለበት የራሱ ሐሳብ አይኖረውም። ታፋ ጠጣ ካለው ይጠጣል፣ ሳቅ ካለው ይስቃል።

ሁለት ልጆች ወልደው ነበር፣ ኤልዳናንና ትንሹን ወንድሟን። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ የጋሮማ እህት በኩላሊት ሞተች። ባሏ አርባ ቀኗ እንኳ ሳይደርስ ሌላ አግብቶ ወደ ጋምቤላ ወረደ። የአርባው ለቅሶ ሊበተን ሲል ዘመድ ሁሉ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ያወራ ጀመር፤ ስለ ሁለቱ ሴት ልጆቿ የሚያወራ ጠፋ። ንጋት ተነሣች፤ የዘጠኝ ዓመቷን ቦንቱንና ታናሿን ዱረቲን እጃቸውን ይዛ መኪና ተራ ወረደች። ጋሮማ ከኋላ ልብሳቸውን በፌስታል ይዞ ተከተላት።

ወራት አልፈው ንጋት አረገዘች።

እሁድ እሁድ ወደ ቸርች በሁለት ባጃጅ ነበር የሚሄዱት። ክረምት ሲሆን የአንደኛው ባጃጅ ሸራ ያፈሳል፣ የሌላኛው ጎማ ጭቃ ይረጫል፤ ልጆቹ ነጭ ካልሲያቸውን አጥልቀው ወጥተው ቀይ አፈር ለብሰው ይደርሳሉ። ስለዚህ የንጋት ዕቁብ ሲደርሳት፣ ጋሮማም ከሱቁ የቆጠበውን ሲያወጣ፣ መኪና ይገዛ ተባለ። ትልቅ አይደለም፤ የነቀምቴን ኮረኮንች የሚችል፣ ከፍ ያለ፣ ነዳጅ የማይጨርስ። ሁለት ተገኙ። አንዷ ብርማ ራቭ ፎር፣ እዚሁ ነቀምቴ። ሌላዋ ነጭ ሩሽ፣ በአዲስ አበባ መንገድ አኖ ከተማ። ራቭ ፎሯ አምስት ሰው ትይዛለች፣ ሩሿ በሦስት ረድፍ ሰባት።

«ታዲያ ምኑ ያከራክራል?» አለች ንጋት። «እኛ ስድስት ነን፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ሰባተኛ።»

«እሱማ ነው» አለ ጋሮማ፤ «ግን ታፋ ራቭ ፎሯን አይታችሁ ወስኑ ብሏል።»

ቅዳሜ ጠዋት ታፋ ኤባ የሚባል ደላላ አስከትሎ፣ ብርማዋን መኪና ግቢ ድረስ አስነድቶ መጣ። እውነት ለመናገር ታምራለች። ኤባ ወርዶ መሐረቡ ላይ እንትፍ አለና የጎን መስተዋቱን ወለወለ፤ ያንኑ መሐረብ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ንጋት ፊቷን አዞረች።

«ሲስተር፣ ይቺ መኪና ተነድታ አታውቅም ማለት ይቻላል» አለ። «ባለቤቷ ከቤት ወደ ቸርች፣ ከቸርች ወደ ቤት። በጌታ ስም ነው የምልዎት።»

የሹፌሩ ወንበር እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። መሪው ከመታሸት ብዛት አብለጭልጯል። ንጋት በጣቷ ነካ አድርጋ አሳየችው፤ ኤባ አላፈረም፣ ፈገግ አለ።

«ስንት ሰው ትይዛለች?» አለችው፣ እያወቀች።

«በሕግ አምስት። ግን ሕፃን ሰው ነው እንዴ ሲስተር? ሕፃን የትም ይሸጎጣል።»

ታፋ እጁን አጨበጨበ። «ኮታ ኢጆሌ! ኑ፣ ግቡ እስቲ!»

ኤልዳናና ወንድሟ ዘለው ገቡ። ዱረቲ ተከትላ እግሯን ስታነሣ ታፋ ክንዷን ያዛት። «እናንተ በኋላ ነው» አለ፤ የኋላውን በር ከፍቶ ዕቃ መጫኛውን በአገጩ አሳየ። ቦንቱ ፊቱን አየችው። ሁለተኛ እስኪነግራት አልጠበቀችም። ጫማዋን አወለቀች፣ የዱረቲንም አወለቀችላት፣ ታናሿን ቀድማ አስገብታ እሷ ጉልበቷን አገጯ ድረስ አጥፋ ጎኗ ተቀመጠች። ታፋ በሩን ጠረቀመው።

«አያችሁ!» አለ ኤባ። «ሁሉም ገባ! ገና በግ ይጨምራል!»

ታፋ ሳቀ። ከዚያ ጋሮማ ሳቀ።

ንጋት በኋላው መስተዋት ቦንቱን አየቻት። ልጅቷ ፈገግ ብላ ነበር፤ ሰው ቤት ያለ ልጅ ትልቅ ሰው እንዳይቆጣው የሚያሳየውን ያንን ፈገግታ። ንጋት ምራቋ መረራት። የእርግዝና ምሬት መስሏት ነበር መጀመሪያ። ሄዳ በሩን ከፈተችው።

«ውረዱ። ጫማችሁን አድርጉ» አለች። ልጆቹን ይዛ ቤት ገባች።

ታፋ ምሳ ሳይበላ የሚሄድ ሰው አይደለም። አንጮቴ ተቀቅሎ በቅቤና በሚጥሚጣ ቀርቦለት፣ ቅቤው በጣቶቹ መሃል እየወረደ፣ አንድ በአንድ እየላሰ ይናገር ጀመር።

«እንግዲህ ለመኪና ብዬ እንዳይመስልሽ» አለ። «እናታችን አርጆ ብቻዋን ናት። አርጅታለች። ቦንቱ ደግሞ ደርሳለች፤ ውሃ ትቀዳላታለች፣ እሳት ታያይዝላታለች። ትንሿም እህቷን ትከተላለች። እናንተም እፎይ ትላላችሁ፣ ራቭ ፎሯም ትበቃችኋለች። ሩሽ ምንድነው? የታክሲ መኪና ነው። ነጋዴ ሰው ቤተሰቡን በታክሲ ይዞ ቸርች በር ላይ ይወርዳል?»

«ትምህርታቸውስ ኦቦ ታፋ?» አለች ንጋት።

«አርጆ ትምህርት ቤት የለም እንዴ?»

«ውሃ እየቀዳች መቼ ትማራለች?»

ታፋ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ እንደከተተ ወደ ወንድሙ ዞረ። ጋሮማ ሳህኑን እያየ፣ «ለጊዜው ብቻ ቢሆን... እስኪወለድ ድረስ እንኳ...» አለ።

ንጋት ከዚያ ወዲያ ከማዕዱ መጉረስ አቃታት። የባሏ እጅ ሳህኑ ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየችው። ስንት ጊዜ ያጎረሳት እጅ ነው፤ ያን ቀን ግን በዚያ እጅ የተነካ ምግብ ወደ አፏ ማድረስ አልቻለችም። ውሃ ላምጣ ብላ ተነሥታ ጓዳ ቆመች። ቦንቱ እዚያ ብርጭቆ ታጥባለች። ሰምታለች። ቀና ሳትል፣ «እኔ ቸርች በእግሬ መሄድ እችላለሁ» አለች። «ዱረቲን ደግሞ አዝላታለሁ።»

ንጋት ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበለቻት። «አርጆ የምንሄደው ለጥየቃ ነው፣ ሁላችንም፣ የምንመለሰውም ሁላችንም» አለቻት። ልጅቷ አመነችም አላመነችም፣ ሌላ ብርጭቆ አነሣች።

ታፋ እንደሄደ ንጋት ለጋሮማ አንድ ነገር ብቻ ነገረችው። «ሩሿን ሳላይ የእኔ ዕቁብ አይነካም።»

በሳምንቱ አኖ ሄዱ፤ ንጋት፣ ጋሮማ፣ አንድ መካኒክ፣ ሳይጠራም ታፋ። ባለመኪናው ባሕሩ የሚባል ነጋዴ ነበር፣ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ። ሩሿ በር ላይ ታጥባ ቆማለች። ውስጧ ከጣሪያ እስከ ወለል ሽቶ ተረጭቷል፤ መስተዋቱ ላይ ብቻ ሦስት ዓይነት የሽቶ ካርቶን ተንጠልጥሏል። ንጋት በሩን እንደከፈተች ከሽቶው ሥር ሌላ ነገር አፍንጫዋን መታት። ወፍራም፣ የሻገተ፣ ጨው ጨው የሚል።

«ምን ይሸታል?» አለች።

«የምን ሽታ?» አለ ባሕሩ፣ አየሩን ሁለት ጊዜ ስቦ። «ሽቶ ነው እንጂ።»

«የበሰበሰ ነገር ይሸታል።»

ባሕሩ ሆዷን አየ። «እርጉዝ ስለሆኑ ነው ሲስተር። የኔም ሚስት ሳሙና እንኳ ይሸታታል።» ታፋ ራሱን ነቀነቀ፤ «እርጉዝ እንዲህ ናት» አለ። መካኒኩ እንኳ ከሞተሩ ቀና ብሎ ተስማማ። አራት ወንዶች ቆመው ስለ እሷ አፍንጫ ሲፈርዱ ንጋት ወደ ሦስተኛው ረድፍ ተሳበች፣ የወለሉን ምንጣፍ በሁለት እጇ ይዛ ገነጠለችው። ሥሩ ጥቁር ነበር። የደረቀ ጨው፣ የበሬ ፀጉር፣ የረጋ ደም። ምንጣፉን አውጥታ ባሕሩ እግር ሥር ጣለችው።

ባሕሩ አላፈረም። «ጥሬ ቆዳ ጭኜባታለሁ። ታዲያ ቆዳ ነውር ነው? የአንቺ ጫማ ከምን ተሠራ?» አለ፤ «እርስዎ» ማለቱን በዚያው ተወው።

ንጋት መንገድ ዳር ካለው ቦይ ደርሳ አስመለሳት። ያላትን ሁሉ አስመለሰች። ጋሮማ ውሃ ይዞ ሮጦ መጣ፣ ጀርባዋን ደገፋት። ከኋላቸው ታፋ፣ «ዋቃዮ ፈረደ! ራቭ ፎሯ ይሻላል ብያችሁ ነበር» ሲል ተሰማ፣ ድምፁ ሠርግ ቤት ያለ ይመስል።

አፏን ተጉመጠመጠች። ተመልሳ ገባችና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ከፊተኛው ወንበር አይነካም። ቀበቶውን ስባ አሰረች፣ ፈታች፣ የጎረቤቱንም ሞከረች። ሁለቱም ይሠራሉ።

«ሞተሩስ?» አለች መካኒኩን።

«ሞተሩ ደህና ነው፣ ሲስተር። ሽታው ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ይችን ነው የምንወስደው።»

«አብደሻል?» አለ ታፋ። «አሁን አይደል እንዴ የተፋሽው?»

«ሽታ ይታጠባል ኦቦ ታፋ።»

ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ በኦሮምኛ ተናገረች፣ በእናቱ ቋንቋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኢጆሌ ኦቦሌቲ ኬቲ። የእህትህ ልጆች ናቸው፤ አንተ ደግሞ ኤሱማቸው ነህ። አባት ሲጠፋ የእናት ወንድም አለ ተብሎ ነው ያደጋችሁት። እኔ እነሱን የምታስወጣ መኪና ውስጥ አልገባም። አንተ ግባ፣ ከወንድምህ ጋር።»

ጋሮማ ወንድሙን አየ። ቀጥሎ መሬት ላይ ያለውን የተገነጠለ ምንጣፍ አየ። ጀግና ሆኖ ደረቱን አልነፋም፤ ጆሮው ቀላ። ለማንም ሳይሆን፣ ለምንጣፉ የሚናገር ይመስል፣ «ይሁን፣ ይችው ትሁን» አለ። ባሕሩ በቆዳው ሽታ ምክንያት ብዙ እንዲቀንስ ተገደደ፤ በዚህ በኩል ጋሮማ ሚስማር ሻጭ ስለሆነ አያስተምሩትም። ታፋ ከእነሱ ጋር አልተመለሰም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አውቶቡስ ሲያልፍ ተሳፍሮ ነቀምቴ ገባ።

መስኮት ሁሉ ከፍተው ሩሿን እየነዱ ሲመጡ ንጋት ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅልላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያቅለሸለሻት ግን ቆዳው ብቻ አልነበረም። አጠገቧ መሪ የያዘው ሰው ጭምር ነበር። ባሏ ነው፣ ትወደዋለች፤ ያ ሳቁ ግን ከጆሮዋ አልወጣም።

ምንጣፉ ሁሉ ተነቅሎ ተቃጠለ። ወለሉ በኦሞ፣ በሎሚ፣ በኮምጣጤ ታሸ፤ ከሰል በጆንያ ተደርጎ ውስጧ ከረመ። በፀሐይ ቀን ደህና ናት። ዝናብ ሲመጣ ግን ያ ነገር ከየት እንደሁ ይነሣል፤ ቸርች በር ላይ ሲወርዱ ሰዎች ሰላም እያሉ አፍንጫቸውን በዘዴ ያሻሉ። ልጆቹ ግድ የላቸውም። ሦስተኛው ረድፍ የቦንቱና የዱረቲ ሆኗል፤ በመስኮቱ በኩል ማን ይቀመጥ ብለው ይጣላሉ፤ ቦንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የኔ ተራ ነው!» ስትል ንጋት ሰምታ አልተቆጣቻትም።

ንጋት ሴት ልጅ ወለደች። አራስነቷን ጨርሳ ሕፃኗን ይዛ ቸርች በሄደችበት እሁድ ምስክርነት ያለው ይውጣ ተባለ። ጋሮማ ተነሥቶ ማይክ ያዘ።

«መኪና ልንገዛ ነበር» አለ። «አምስት ሰው የምትይዝ ቆንጆ መኪና አየሁ፤ ልቤ ሄደ። ሰውም እሷን ግዛ አለኝ። ጌታ ግን በልቤ ተናገረኝ። አንተ ኤሱማ ነህ፣ የእህትህ ልጆች ናቸው አለኝ። እኔም እሺ ጌታ ሆይ አልኩ።»

ጉባኤው «ሃሌሉያ!» አለ። አንዲት አሮጊት አለቀሱ። የቸርቹ ሽማግሌ ወጥተው ጋሮማን አቅፈው፣ እንዲህ ያለ አባት ያብዛልን ብለው ጸለዩ። ጋሮማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የሚዋሽ አይመስልም፣ ምናልባት በእርግጥ እንዲያ ሆኖ ታይቶታል።

ንጋትን ከአኖ ቦይ ወዲህ እንዲህ አቅለሽልሿት አያውቅም። ልነሣ፣ ልናገር፣ ቢያንስ ወጥቼ አየር ልውሰድ አለች። ብድግ ብላ ዞር ስትል ዱረቲ አጠገቧ ወንበሩ ላይ ቆማ፣ አንገቷን አስግጋ፣ ከኋላ ላሉት የሰፈር ልጆች በሹክሹክታ ትናገራለች።

«ሰማችሁ? ስለ እኛ እኮ ነው።»

ንጋት ሕፃኗን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረች። ተቀመጠች።